ቀሊልና ቀላል

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ዕለቱ ሐሙስ ነው። ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር አቶ ይግዛው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው፣ ቡሬና ዳልቻ፣ ክልክሉ ውስጥ ገብተው ሣሩን ይነጩታል። ክልክል ማለት የእርሻ ወቅት ደርሶ በሬ ጉልበት እስኪያጣ ድረስ ማንም እንዳይነካው የሚጠበቅ ሣር ነው። በጥር ወር በሬውን ክልክል ውስጥ የሚለቅ ሰው ወይ ያበደ ነው፣ ወይ በሬውን የሚሰናበት። አቶ ይግዛው አላበዱም።

በዚህ መካከል የእኅታቸው ልጅ ስጦታ ደብተሮቿን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በኮንጎ ጫማዋ አቧራውን እያቦነነች ብቅ አለች። ደባርቅ ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። እሑድ የአቶ ይግዛው ልጅ ጤናዬ ስለምትዳር ለሠርጉ አስፈቅዳ መምጣቷ ነው።

«አጎቴ ይግዛው! እንደምን ዋሉ?»

አቶ ይግዛው ወዲያው አልመለሱም። ንቀት እንዳይመስል ነገሩ መነገር አለበት። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ደረስጌ ወርደው ከየኔታ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሦስት ዓመት ቅኔ ተምረዋል። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ። ቅኔው ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ሰው የተናገራቸውን ቃል ሁሉ፣ ዶሮ መሬት እንደምትጭር፣ ሰሙን ገልጠው ወርቁን ሳይፈልጉ አይመልሱም። ጎረቤት «እሳት ይስጡኝ» ሲላቸው እንኳ «ምን ለማለት ነው?» ብለው ፍሙ አመድ እስኪሆን የሚያስቡ ሰው ናቸው። በአገሩም «ከይግዛው ጋር ያወራ ሲተረጎም ያድራል» ይባላል።

«ደህና ዋልሽ፣ የእታቴ ልጅ» አሉ ቆይተው፤ በሰላምታዋ ውስጥ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ።

«ምነው በጥር ክልክሉን ለቀቁት? ግንቦት ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው?»

«ግንቦትን አያዩትም። ቅዳሜ ይታረዳሉ።»

«ማን?»

«ቡሬና ዳልቻ።»

ስጦታ ፌስታሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። አጎቷ ይቀልዱ እንደሆነ ፊታቸውን አየች። አይቀልዱም።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። አንዱ ለጥሬ፣ አንዱ ለወጥ።»

«ከዚያስ በምን ያርሳሉ? እኔንና እትዬ ማንጠግቦሽን ሊጠምዱ ነው?»

«አንቺን ብጠምድማ ምላስሽ ብቻውን የሁለት በሬ ያርሳል!» አሉና ዘወር አሉ፤ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ስለነበር እንድታየው አልፈለጉም። ዳልቻን ከጥጃነቱ ጀምሮ ጨው በእጃቸው እያላሱ ያሳደጉት ናቸው። ባለቤታቸው ማንጠግቦሽም በሬዎቹ ይታረዳሉ ከተባለ ወዲህ ጌሾውን እየወቀጡ ከማልቀስ በቀር ከሰው ጋር አይነጋገሩም።

«እንዲያው ምን ተገኘ፣ አጎቴ?»

«ተሰድቤያለሁ።»

«በማን?»

«በአሻግሬ፤ የጃናሞራው ሙሽራ አባት። አማቼ ሊሆን ያለው ሰውዬ! ያ ጠይብ የሚባለው ነጋዴ ከጃናሞራ ሲመለስ መልእክት ይዞልኝ መጣ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ድግሱ ቀላል ይሁን፤ እኛ የዋህ ሰዎች ነን።›»

ስጦታ ስድቡ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይጨመር? ይህ አይበቃሽም? አንቺ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ምንድን ነው የሚያስተምሩሽ? እስኪ ፍቺው! ‹ድግሱ ቀላል ይሁን።› ቀላል ምንድን ነው? ክብደት የሌለው። ቀላል ሰው ማለት ምን ማለት ነው? ቁም ነገር የሌለው፣ ነፋስ የሚወስደው ገለባ። ‹አንተ ቀላል ሰው ስለሆንህ ከአንተ ከባድ ድግስ አንጠብቅም› ነው ያለኝ!»

«እሺ፣ ‹የዋህ ሰዎች ነን›ስ?»

«እሱማ የባሰው ነው! ሌሊቱን ስፈታው አደርሁ። የዋህ የሚለውን ፊደሉን አገላብጠሽ ስታይው ምን ይወጣዋል? የ... ውሃ! ‹ያንተ ጠላ ውሃ ነው› ማለቱ ነው!»

ስጦታ መሳቅ እንደማይገባት ታውቅ ነበር። ታላቅ ሰው ፊት፣ ያውም ባዘነ ታላቅ ሰው ፊት፣ መሳቅ ነውር ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ወጣ፤ ቡሬ እንኳ ቀና ብሎ አያት።

«ሳቂ! ሳቂ! እሑድ የጃናሞራ ሰው ሁለት በሬ አንጠልጥዬ ሲያይ ማን እንደሚስቅ እናያለን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጎቴ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ? ድግሱ የሚደገሰው ለማን ነው? ለጤናዬ ነው ወይስ ለሰው አፍ?»

«እህ! ይሄውልሽ! ይህማ ያ ካድሬ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የሚደሰኩረው ነው። ‹ድግስ አድኃሪ ልማድ ነው፣ የአብዮቱን ሀብት ያባክናል› ይላል። ራሱ ግን በየድግሱ የማይጠፋ ሰው ነው። ከእሱ ተምረሽ መጣሽ?»

«ከካድሬው አንዲት ቃል አልተዋስሁም። እሱ ለአብዮቱ ያስብ፤ እኔ ለቡሬና ለዳልቻ ነው የማስበው። ከፈለጉ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከሰማሁት እነግርዎታለሁ።»

«አንቺ ለእኔ? ደረስጌ ለወረድሁት ሰው?»

«ደረስጌ አልወረድሁም፤ ግን ባለፈው ሳምንት በቃና ዘገሊላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሙሽሮቹ ወይን አለቀባቸው አይደል? እንግዳ ተቀምጦ ወይን የሚያልቅበት ቤት ቀላል ቤት ነው፤ በእርስዎ አፈታት። ጌታ ግን ‹ቀለሉ› ብሎ አልወጣም። እናቱም ‹ወይን እኮ የላቸውም› ብላ አዘነችላቸው እንጂ አልሳቀችባቸውም።»

የአቶ ይግዛው ዓይን በራ። ክርክር የሚወድ ሰው ክርክር ሲያገኝ ኀዘኑን ይረሳል።

«ሥላሴ ያሳዩሽ! በራስሽ እጅ ገባሽልኝ። ወይን ሲያልቅ ጌታ ምን አደረገ? ‹ቀለል ይበል፣ ውሃ ጠጡና ሂዱ› አለ? ስድስት ጋን ሞላ! ስድስት! ያውም ከፊተኛው የሚበልጥ። ታዲያ ጌታዬ በሰው ሠርግ ስድስት ጋን ከሞላ፣ እኔ በልጄ ሠርግ ሁለት በሬ ባርድ ምን ኃጢአት አለው?»

ስጦታ ኮንጎ ጫማዋን አየች፤ ሰማዩን አየች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ከምን ሞላው?»

«ምኑን?»

«ጋኑን፣ አጎቴ። ከምን ሞላው?»

አቶ ይግዛው ጢማቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

«ከውሃ!» አለች ስጦታ እጇን እያጨበጨበች። «እርስዎ ሌሊቱን ሲፈሩት ካደሩት ከውሃ! የማንንም በሬ አላረደም። የማንንም ቀንበር አላፈረሰም። ቤቱ የነበረውን ውሃ ባረከላቸው፣ ሠርጉ ሞላ።»

አቶ ይግዛው ዱላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሳቃቸውን ሊደብቁ ፈለጉ፤ ጢማቸው ግን አሳበቀባቸው።

«አንቺ ቆንጆ አፈታት አወጣሽ። የኔታ ቢሰሙሽ ወንድ አለመሆንሽን ረስተው ቅኔ ዘረፋ ያስገቡሽ ነበር። ቢሆንም አልተረታሁም። ትሕትና የመነኩሴ ነው። የዋልድባ አባቶች እህል ትተው የሥራሥር ቋርፍ በልተው ይኖራሉ፤ ያምርባቸዋል። እኔ ግን የሴት ልጅ አባት ነኝ። ነገ ጤናዬ እዚያ ጃናሞራ ውሃ ስትቀዳ ‹የዚያ የቀላሉ ሰውዬ ልጅ› ይሏታል። ይህን እንዴት ልቻለው?»

ስጦታ አሁን አልሳቀችም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባት። አጎቷን ያስጨነቃቸው ሆድ አልነበረም፤ ልጃቸው ነበረች። ብዙ አባት በድግስ ጎተራውን የሚያራግፈው ከጥጋብ እንዳይመስላችሁ፤ ልጁን በሰው ፊት ትልቅ ላድርጋት ሲል ነው። ግን ልጅቱን ትልቅ የሚያደርጋት የአንድ ቀን ሥጋ ነው ወይ? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«አጎቴ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ጤናዬ ጃናሞራ ሆና አባቷ በሬ ሊለምኑ በየሰው ደጅ ሲዞሩ ብትሰማስ? ያን ጊዜ ምን ይሏታል? ‹ለእሷ ሠርግ ብሎ ደኸየ› ይሏታል። የጤናዬ ሸክም ይሆናል እኮ፤ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው።»

አቶ ይግዛው ወደ በሬዎቹ ዘወር አሉ። ዳልቻ ተጠግቶ እጃቸውን ላሰ።

«ደግሞ ይህን የዋህ የሚሉትን ቃል ያለ ኃጢአቱ ነው የሚያሰቃዩት። እኛ የዋህ የምንለው ሞኝ ለማለት ሆኗል፤ ‹እሱ የዋህ ነው፣ ያታልሉታል› እንላለን። ግን የዋህ ሞኝ ነው እንዴ? ወንጌሉ ‹እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ› አይልም? ሞኝነት ቢሆን ከልባምነት ጋር እንዴት ይጠመዳል? እኔ እንደሚመስለኝ የዋህ ሰው ማለት... » ቃል ፈለገች። «ሰሙም ወርቁም አንድ የሆነ ሰው ማለት ነው። ደህና ዋልህ ሲል ደህና ዋልህ ማለቱ ነው። ‹ነገራችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን› የተባለው ለመነኩሴ ብቻ ነው?»

«ሰሙም ወርቁም አንድ...» አሉ አቶ ይግዛው በለሆሳስ።

አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በደረስጌ ሳሉ አንድ ማለዳ የኔታ ገብረ ክርስቶስን «የኔታ፣ ከየቃሉ ወርቁን ሁሉ ለማውጣት ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለው ጠይቀው ነበር። የኔታም ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወደ ድምፁ ዞረው «ልጄ ይግዛው፣ ወርቅ የማይደበቅበትም ቃል አለ፤ እሱ ራሱ ወርቅ ነው። እሱን ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል» አሉ። ያን ጊዜ አቶ ይግዛው ለዚህም መልስ ሦስት ቀን ወርቅ ፈልገው አጥተውለታል።

ገና በዚህ ሐሳብ ላይ እንዳሉ ከመንገዱ በኩል የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ጠይብ ነጋዴው ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ወደ ዳባት መውረዱ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልበል ወይስ እንኳን ደስ ያለዎት?» አለ ከሩቅ።

«ሁለቱንም ይበሉና ይምጡ!» አለች ስጦታ ቀድማ። «ጋሼ ጠይብ፣ የአቶ አሻግሬን መልእክት እስኪ እንደገና ይንገሩን። እሳቸው ካሉት አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይጨመር።»

ጠይብ በቅሎውን አቁሞ ራሱን አከከ። «እኔማ ነግሬአለሁ። ‹ድግሱ ቀላል ይሁን፣ የዋህ ሰዎች ነን።›»

«እንዲህ ነው ያሉት? ቃል በቃል?»

«እ... ቃል በቃል እንኳ... እሳቸው ‹ቀሊል› ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ቀሊል የሚባል ነገር በገበያ ሰምቼ አላውቅም። የእናንተ የካህናት ቃል መሰለኝና ‹ቀላል› ብዬ አስተካከልሁት። አጠፋሁ?»

አቶ ይግዛው ዱላቸውን ጣሉት።

«ምን? ቀሊል ነው ያለው?»

«አዎን፣ ቀሊል። ደግሞ ያን መጽሐፍ እያዩ ነው የተናገሩት። አታውቁም እንዴ? አቶ አሻግሬ እኮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው! አሁን ማቴዎስ ወንጌልን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። አንዷን ገጽ ይዘው ወር ሞላቸው። እኔ ስደርስ ጭናቸውን መትተው ‹ጠይብ፣ ሠርግ እንዲህ ነው እንጂ!› አሉኝ፤ ከዚያ ነው መልእክቱን የሰጡኝ።»

አቶ ይግዛው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተማሩት ግእዝ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ከሆዳቸው ወጣ።

«‹እስመ የዋህ አነ ወትሑት ልብየ...› እኔ የዋህ፣ በልቤም ትሑት ነኝና ከእኔ ተማሩ። ቀንበሬ ልዝብ፣ ሸክሜም... ቀሊል ነውና።» ቀና አሉ። የቡሬን ማጅራት፣ ቀንበር ያደነደነውን ቦታ፣ እንደ አዲስ አዩት። «የዋህ። ቀሊል። ቀንበር። ሰውዬው ወንጌል ነው የላከልኝ! እኔ ደግሞ ስድብ አድርጌ ሁለት በሬ ልሠዋለት! አዬ ይግዛው፣ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠህ፣ ትናንት ፊደል የቆጠረ ሰው በለጠህ!»

«ሌላም ነገር ነበር» አለ ጠይብ ፈራ ተባ እያለ፤ «ይህን ግን እንዳልናገር አደራ ብለውኛል።»

«ተናገር!» አሉ አጎትና የእኅት ልጅ በአንድ ድምፅ።

«ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ በክረምት ገደል ገብቶባቸዋል። ‹ይግዛው ሁለት በሬ ቢያርድ እኔ ለቅልቅሉ ድግስ ምን ላርድ ነው? ሚስቴን?› እያሉ ነበር።»

አቶ ይግዛው የሳቁት ሳቅ እስከ ዳባት ሳይሰማ አልቀረም። ስጦታ ሆዷን ይዛ ተንበረከከች። ጠይብም መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ከእነሱ ብሶ ሳቀ።

«እኔ ሁለት ባርድ እሱ ሁለት ሊያርድ፣ እሱ ሁለት ቢያርድ የእሱ ጎረቤት ሦስት ሊያርድ...» አሉ አቶ ይግዛው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ ስንከባበር የሰሜን በሬ ባለቀ ነበር። ለካ ድግሱን ማቅለል ስስት አይደለም፤ የሌላውንም ሰው ሸክም ማንሣት ነው። እኔ ከብዶ መታየት ክብር መስሎኝ ነበር። የሚከብድማ ድንጋይም ይከብዳል!»

«ለእኔስ ምን ይደርሰኛል?» አለ ጠይብ። «ከሁለቱ በሬ መቼም አንድ ጉርሻ አልቀምስም ነበር፤ እናንተ ባርካችሁ ያረዳችሁትን እኛ አንበላም።»

«አንተ ቃል አስተካካይ!» አሉት። «አንድ በግ በራስህ እጅ አርደህ ከወገኖችህ ጋር ትበላለህ። ግን ከእንግዲህ መልእክት ስታመጣ ባይገባህም እንደሰማኸው አምጣው፤ ቋጠሮ በመንገድ አይፈታም።»

ከዚያ ተነሥተው ቡሬንና ዳልቻን ከክልክሉ አስወጡ። «ውጡ እናንተም!» አሏቸው፤ «ግንቦትን የምታዩ ከሆነ ለግንቦት ይቆይላችሁ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ሁለቱ በሬዎች ወደ በረታቸው ሲመለሱና ባላቸው ሲስቁ አይተው መጀመሪያ «አበደ» አሉ። ነገሩ ሲነገራቸው ግን ሙቀጫውን ትተው እልል አሉ፤ ሠርጉ ከሐሙስ የጀመረ መስሎት ጎረቤት ሁሉ መጣ።

እሑድ ከቁርባኑ በኋላ ዳሱ ሞላ። የቀረበው ሦስት በግ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ክክ ነበር። አቶ አሻግሬ ከሚዜዎቹ ኋላ ገብተው፣ በረት ውስጥ ቡሬንና ዳልቻን ሲያመሰኩ ባዩ ጊዜ ከድግሱ በፊት እነሱን ሳሙ፤ ከዚያ አማቻቸውን።

ሰው ከበላ በኋላ አቶ ይግዛው ለእንግዳው ሊናገሩ ተነሡ። ደረስጌ የወረዱት ሰው ለልጃቸው ሠርግ ምን ዓይነት ቅኔ ይዘርፉ ይሆን ብሎ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉና ተቀመጡ።

ሰዉ ጠበቀ። አንዱ ሌላውን አየ። በመጨረሻ አቶ አሻግሬ «ወርቁስ?» ብለው ጠየቁ።

«ወርቅ የለውም» አሉ አቶ ይግዛው። «እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ብቻ ነው።»

ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ።

የዚህ ነገር ፍሬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ እነሆ። በየካቲት አቶ ይግዛው በገዛ በሬዎቻቸው አረሱ፤ የራሳቸውን ሲጨርሱ ዳልቻን ለአማቻቸው አውሰው የአሻግሬም መሬት ጦም ሳያድር ቀረ። ጤናዬ ጃናሞራ ውሃ ስትቀዳ «የዚያ የልባሙ ሰውዬ ልጅ» አሏት። በዚያው ዓመት በመንደሩ ሌሎች ሦስት ሠርጎች ተደገሱ፤ አንድም የእርሻ በሬ አልታረደም፤ የቀረ ዘመድም የለም። ሰው ወደ ድግስ የሚመጣው ፍቅር ፍለጋ ነውና፣ ፍቅር ካለ ሽሮውም ይጣፍጣል። የዋህነትም ማጣት እንዳልሆነ ታወቀ፤ ያለህን ሳታከብደውና ሳትደብቀው፣ በአንድ ልብ ማቅረብ ነው።

የጠላው ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍ። ዜናውን የሰማ ሁሉ ሠርጉን ሊያይ ስለ መጣ እንግዳው ከታሰበው በዛ፤ እትዬ ማንጠግቦሽም ሦስተኛው ጋን ላይ ውሃ ደህና አድርገው ጨመሩበት። ስጦታ ከዚያ ጋን ተቀድቶላት ቀመሰች፤ አጎቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ጠላው የዋህ ነው።»

አቶ ይግዛው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተመስገን፣ ልጄ። የዋህነት ቤታችን ገ...»

ቃላቸው መሐል ላይ ቆመ። ስጦታን አዩ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዋንጫውን ከእጇ ተቀብለው ቀመሱ።

«አንቺ ምላሳም!» አሉ፤ «አሁንስ ወርቅ አለው!»